ማዘዝ ሲችል የለመነ፦ የፊልሞና መልእክት እንደ ጉዳይ ጥናት

ክርስቲያን ሥልጣን የሚሰጠው ለማገልገል ነው የሚለውን ትምህርት የሚቃወም ሰው ማግኘት ያዳግታል። ኢየሱስ የአሕዛብ አለቆች በሕዝባቸው ላይ እንደሚሠለጥኑ ተናግሮ «በእናንተስ እንዲህ አይደለም» ማለቱን (ማቴ. 20፥26) ሰባኪው ሁሉ ይጠቅሰዋል፤ በሰው ላይ የሚሠለጥነው ሰባኪም ጭምር ይጠቅሰዋል። ችግሩ የሚጀምረው ትምህርቱ ወደ አንድ የተወሰነ ጉዳይ ሲወርድ፣ ሕግና ወዳጅነት፣ ገንዘብና ይሉኝታ በተጠላለፉበት ቦታ «አሁን ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈው መልእክት እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከነውስብስብነቱ ይዞ ቆይቶልናል። ከጳውሎስ መልእክቶች ሁሉ አጭሩ ሲሆን 25 ቁጥሮች ብቻ አሉት፤ የሐሰት መምህራንን የሚመለከት ክርክርም የለበትም። በውስጡ የምናገኘው አንድ ባለ ሥልጣን ከሌላ ባለ ሥልጣን ጋር፣ ምንም ሥልጣን ስለሌለው ስለ ሦስተኛ ሰው የሚያደርገውን ንግግር ነው።

ጳውሎስ በዚህ ጉዳይ ሥልጣኑን አልጣለም፤ ሥልጣኑ የሚያስከፍለውን ዋጋ ግን በአብዛኛው ወደ ራሱ አዞረ። «በአብዛኛው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ወደ ራሱ ያላዞረው አንድ ከባድ ዋጋ አለና፣ ወደ እርሱ በስተኋላ እመለሳለሁ።

የጉዳዩ አመጣጥ

ፊልሞና የባለጸጋ ቤት ጌታ ነበር። ቤቱ ምእመናን የሚሰበሰቡበት (ቁ. 2)፣ እንግዳ የሚያድርበት ክፍል ያለው (ቁ. 22)፣ ቢያንስም አንድ ባሪያ የነበረበት ቤት ነው። የሚኖርበት ከተማ በመልእክቱ ውስጥ አልተጠቀሰም፤ ነገር ግን የቈላስይስ መልእክት ባሪያውን አናሲሞስን «ከእናንተ ወገን» ብሎ ስለሚጠራው (ቈላ. 4፥9) ቤተሰቡ በቈላስይስ ይኖር እንደነበር በሰፊው ይታመናል። ቈላስይስ በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምዕራብ፣ በሊቆስ ወንዝ ሸለቆ፣ ከሎዶቅያና ከኢያራ ከተማ አጠገብ የነበረች ከተማ ናት። ወንጌልን ወደዚያ ያደረሰው ኤጳፍራ እንጂ ጳውሎስ አልነበረም (ቈላ. 1፥7)። ሆኖም ፊልሞና ራሱ ያመነው በጳውሎስ አማካይነት እንደነበር ከቁጥር 19 መረዳት ይቻላል።

አናሲሞስ ከጌታው ቤት ወጥቶ ጳውሎስ ወደታሰረበት ቦታ መጣ፤ እዚያም አመነ። ጳውሎስ «በእስራቴ የወለድሁት ልጄ» ይለዋል (ቁ. 10)። የእስር ቤቱ ቦታ ሊቃውንትን ያከራክራል። ጥንታዊው አስተያየት ሮሜ ነው ይላል፤ ያም ከሆነ ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ60 እስከ 62 ገደማ ይሆናል። ሌሎች ከቈላስይስ 200 ኪሎ ሜትር እንኳ የማትርቀውን ኤፌሶንን ይመርጣሉ፤ ቂሳርያንም የሚጠቅሱ አሉ።

አናሲሞስ ምን አጠፋ? በልማድ ሰርቆ የጠፋ ባሪያ ተደርጎ ይነገራል። መልእክቱ ግን ሰረቀ አይልም፤ ኮበለለም አይልም። «በድሎህ ወይም ብድር አለበት እንደ ሆነ» ነው የሚለው (ቁ. 18)፣ ያውም በ«እንደ ሆነ»። የሮማ የሕግ ሊቃውንት ከጌታው ጋር ተጣልቶ እንዲያማልደው ወደ ጌታው ወዳጅ የሄደ ባሪያ እንደ ኮብላይ አይቈጠርም ይሉ ስለነበር፣ አናሲሞስ ጳውሎስን ዐውቆ ፈልጎት ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህ ልዩነት ለጥናታችን ቀላል አይደለም። አናሲሞስ አማላጅ ፍለጋ የመጣ ከሆነ ጉዳዩን ያስጀመረው ራሱ ነው፤ ኮብልሎ የመጣ ከሆነ ግን ጳውሎስ የመለሰው ማምለጥ የፈለገውን ሰው ነው።

ማን ምን አቅም ነበረው?

በሕግ ፊት ፊልሞና ሁሉም ነገር በእጁ ነበር። ባሪያ ንብረት ነው፤ ኮበለለ የተባለ ባሪያ ሲያዝ ግርፋትና በጋለ ብረት ምልክት መደረግ የተለመዱ ቅጣቶች ነበሩ፤ የሰው ባሪያ የሸሸገም በስርቆት ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ ጳውሎስ አናሲሞስን ይዞ ቢቆይ እርሱ ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል።

የጳውሎስ አቅም ሌላ ዓይነት ነበር። እስረኛ ነው፤ ወታደር የለውም፣ ፍርድ ቤት አይሰማውም፣ የፊልሞናን ንብረት የሚነካበት አንዳች መብት የለውም። ሆኖም ፊልሞና መንፈሳዊ ሕይወቱን የሚያገኘው ከእርሱ ነው፤ በቤቱ የሚሰበሰበው ማኅበርም የጳውሎስን ቃል እንደ ሐዋርያ ቃል ይሰማል። እንዲህ ያለው ሥልጣን ከወታደር ሥልጣን ይልቅ ወደ ሰው ልብ ጠልቆ ይገባል፤ አላግባብ ከተጠቀሙበትም የሚያቆስለው ያንኑ ያህል ጠልቆ ነው። በመንፈሳዊ አባት የተገፋ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ አያገኝም፤ ሁለቱም ወገኖች በእግዚአብሔር ስም ይናገራሉና።

አናሲሞስ ደግሞ ምንም አልነበረውም። በዚህ መልእክት ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ሲናገር አንሰማውም።

በጳውሎስ ፊት የነበሩ መንገዶች

ቀላሉ መንገድ ዝም ብሎ ማስቀረት ነበር። ጳውሎስ ይህን እንደፈለገ አይሸሽግም፤ ፊልሞና በአካል ሊሰጠው ያልቻለውን አገልግሎት አናሲሞስ በእርሱ ፈንታ እንዲሰጠው አጠገቡ ሊያስቀረው ወዶ ነበር (ቁ. 13)። ምክንያትም አያጣም፤ ከጌታው ኮብልሎ የመጣን ባሪያ ለጌታው አሳልፎ መስጠትን የኦሪት ሕግ ይከለክላል (ዘዳ. 23፥15)፤ ጳውሎስም ኦሪትን ጠንቅቆ የተማረ ሰው ነው። ይህን ጥቅስ አለማንሣቱ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጠቀሰው ምክንያት ሌላ ነው፦ ያለ ፊልሞና ፈቃድ ምንም ሊያደርግ አልወደደም፣ መልካምነቱ በግድ ሳይሆን በፈቃድ እንዲሆን (ቁ. 14)።

ሁለተኛው መንገድ ማዘዝ ነው። የሚገባውን ሊያዝዝ የሚያስችል ድፍረት በክርስቶስ እንዳለው በግልጽ ጽፏል (ቁ. 8)፤ ወዲያውም ስለ ፍቅር መለመንን መረጠ (ቁ. 9)። በሌሎች ቦታዎች ያዘዘባቸው ጊዜያት መኖራቸውን መርሳት አይገባም። በቆሮንቶስ የአባቱን ሚስት ያገባው ሰው ከማኅበሩ እንዲወጣ ሲያዝዝ ቃሉ ልመና የለበትም (1ቆሮ. 5)። ስለዚህ «ጳውሎስ ሰው ማዘዝ አይወድም ነበር» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሥልጣኑ ለማፍረስ ሳይሆን ለማነጽ እንደተሰጠው ይናገራል (2ቆሮ. 10፥8)። በፊልሞና ጉዳይ የሚታነጸው ነገር በትእዛዝ ሊሠራ የሚችል አልነበረም። ፊልሞና ታዝዞ አናሲሞስን ቢቀበለው ባሪያው ከቅጣት ይድናል፤ ወንድም ግን አይሆንም።

ሦስተኛው መንገድ፣ ብዙ ጨዋ ሰው የሚመርጠው፣ «ልጁን ታገሠው» የሚል አጭር የወዳጅ ማስታወሻ አስይዞ መስደድ ነው። ጳውሎስ የሄደበት መንገድ ይህን ይመስላል፤ ነገር ግን ቀርቦ ሲታይ ሌላ ነው።

የተጻፈው ሲመረመር

በርካታ መልእክቶቹን «ሐዋርያ» ብሎ የሚከፍተው ሰው ይህኛውን «የክርስቶስ ኢየሱስ እስር ጳውሎስ» ብሎ ይጀምራል። መልእክቱ የተላከውም ለፊልሞና ብቻ አይደለም፤ ለአፍብያ፣ ለአርክጳና በቤቱ ላለችው ቤተ ክርስቲያን ጭምር ነው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ግን ንግግሩ እስከ መጨረሻው ገደማ ለአንድ ሰው፣ ለፊልሞና ብቻ ይሆናል። የግል ጉዳይ ነው፤ ምስክሮች ባሉበት የሚነገር የግል ጉዳይ።

በመሃሉ የልመናው ፍሬ ነገር ይመጣል። ፊልሞና አናሲሞስን ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን ከባሪያ የሚሻል፣ በሥጋም በጌታም የተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው (ቁ. 16)፤ ጳውሎስን ባልንጀራ አድርጎ የሚቈጥረውም ከሆነ ጳውሎስን ራሱን እንደሚቀበል አድርጎ እንዲቀበለው (ቁ. 17)። «በሥጋም» የምትለው ቃል ማምለጫ ትዘጋለች። በጸሎት ሰዓት ወንድም፣ ከጸሎት በኋላ ባሪያ የሚል ክፍፍል ለሚፈልግ አንባቢ ቦታ አትተውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር 18 እና 19 ይመስለኛል። ጳውሎስ መልእክቶቹን ለጸሓፊ እየነገረ ማስጻፍ ልማዱ ነበር፤ የሮሜን መልእክት የጻፈው ጤርጥዮስ ስሙን እዚያው ትቶልናል (ሮሜ 16፥22)። እዚህ ላይ ግን «እኔ ጳውሎስ በእጄ እጽፋለሁ፤ እኔ እከፍላለሁ» የሚል ቃል ይገኛል። በዚያ ዘመን በባለዕዳው በራሱ እጅ የተጻፈ የመክፈል ቃል የሚያስጠይቅ ሰነድ ነበር። ስለዚህ ፊልሞና የደረሰው የምልጃ ደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሌላ ሰው የቆመ ዋስ የጻፈው የዕዳ ሰነድም በዚያው ወረቀት ላይ አለ። ባሪያው ያጎደለው ገንዘብ ካለ በጳውሎስ ስም ይጻፋል። ሥልጣን ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ሌላው ሰው ይቅር እንዲል ማዘዝ ነው፤ የይቅርታውን ወጪ የሚችለው ግን የታዘዘው ነው። ጳውሎስ ይህን አላደረገም። ፊልሞና ይቅር ቢል ኪሳራ እንዳይደርስበት፣ ተበዳይነቱ ካለም እንዳይናቅ፣ በራሱ ላይ ዕዳ ጻፈ።

ለማነጻጸር የሚጠቅም ሌላ ደብዳቤ

ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ሮማዊው ባለ ሥልጣን ትንሹ ፕሊኒ ሳቢኒያኑስ ለተባለ ወዳጁ ተመሳሳይ ጉዳይ ጽፎለታል። ሳቢኒያኑስ የተቈጣበት ነጻ የወጣ አገልጋዩ ወደ ፕሊኒ መጥቶ እግሩ ላይ ወድቋል፤ ፕሊኒም እንዲምረው ይለምናል። ደብዳቤው ልብ የሚነካ ነው። ከልመናው ላይ የራሱን ጸሎት ቢጨምር የሚለምን ሳይሆን የሚያስገድድ እንዳይመስል እንደሚፈራ ይናገራል። ይህን ሲጽፍ ፕሊኒ ስለ ማስገደድና ስለ መለመን ልዩነት ያለው ስሜት ከጳውሎስ አያንስም። ምልጃውም ሠመረ፤ በሌላ ደብዳቤ ወዳጁን ያመሰግነዋል፣ ወደፊትም አማላጅ ባይኖር እንኳ እንዲምር ይመክረዋል።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፕሊኒ አገልጋዩን አጥብቆ እንደገሠጸውና ዳግመኛ እንደማያማልደው እንዳስፈራራው ለወዳጁ ይነግረዋል፤ አገልጋዩ ተጸጽቶ ማልቀሱንም ምሕረት የሚገባው ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። ሁለቱ ጌቶች ከላይ ተነጋገሩ፣ የታችኛው ሰው በታች እንደሆነ ተማረ። በጳውሎስ መልእክት ውስጥ የአናሲሞስ ለቅሶ የለም፤ ተግሣጽም፣ «ሁለተኛ አይለምደውም» የሚል ቃል እንኳ የለም። ጳውሎስ «ልቤ» እያለ ይልከዋል (ቁ. 12)። ፕሊኒ ሥርዓቱን ሳይነካ ቅጣቱን አስቀረ፤ ጳውሎስ ደግሞ ቅጣቱን ስም ጠርቶ ሳያነሣ ሥርዓቱ የቆመበትን ግንኙነት ነካው።

ታዲያ ይህ ግፊት አይደለምን?

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ መጠየቁ አይቀርም። «አላዝዝህም» ካለ በኋላ «ራስህን እንኳ የእኔ ባለዕዳ እንደሆንህ አልልህም» ማለት ምን ማለት ነው? አልልህም እያሉ ማለት የታወቀ ዘዴ ነው። «እንደምትታዘዝ ታምኜ እጽፍልሃለሁ» (ቁ. 21) ማለቱስ? «እንግዳ ቤት አዘጋጅልኝ» (ቁ. 22) ማለትም መጥቼ አያለሁ ማለት ነው። ደብዳቤው በማኅበሩ ፊት ከተነበበ ደግሞ ፊልሞና የጎረቤቶቹ ዐይን ሁሉ በእርሱ ላይ ሆኖ ነው የሚወስነው።

ግፊት ነው። ይህን መካድ ለጳውሎስ አይጠቅመውም። ነገር ግን ግፊት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ይህንንም ለመለየት ግፊቱ ወደ የት እንደሚያዘነብልና ትርፉ ለማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ግፊት የተጫነው በብርቱው ሰው ላይ ለደካማው ሲባል ነው፤ ፊት ለፊት የተጻፈ ነው፣ በሹክሹክታ አልተሠራም። ገፊው የሚያገኘው ትርፍ ቢኖር ዕዳ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊልሞና እውነተኛ የእምቢታ መንገድ ነበረው። ጳውሎስ በእጁ የነበረውን ብቸኛ መያዣ፣ አናሲሞስን ራሱን፣ መልሶ ልኮለታል። እምቢ ቢል ሕጉ ከእርሱ ጋር ነው፣ ባሪያው በደጁ ነው፣ ሐዋርያው እስር ላይ ነው። የሰውን ፈቃድ አከብራለሁ የሚል መሪ እምቢ የማለት አቅሙን ጭምር መልሶ ካልሰጠው አክብሮቱ የቃል ብቻ ይሆናል። በዚህ መለኪያ ጳውሎስ ከብዙዎቻችን አልፎ ሄዷል።

ወደ ጳውሎስ ያልዞረው ዋጋ

ይህ ሁሉ ለፊልሞና ነጻነት የታሰበ ነው። የፊልሞና ነጻነት ግን በማን ጀርባ ላይ ነው የተሞከረው? ፊልሞና እምቢ ቢል ጳውሎስ ወዳጅ ያጣል፤ የሚገረፈው አናሲሞስ ነው። ጳውሎስ ገንዘቡን በራሱ ስም አስመዘገበ፣ ሥጋውን ግን በአናሲሞስ ፈንታ ሊያቀርብ አልቻለም። አናሲሞስ ለመመለስ ተስማምቶ እንደሆነም ደብዳቤው አይነግረንም፤ ፊልሞና ፈቃዱ ሲጠየቅ እናነባለን፣ የአናሲሞስ ፈቃድ ሲጠየቅ ግን አናነብም። በእኔ ግምት የጉዳዩ ደካማ ጎን ይህ ነው፤ ስለ ጳውሎስ ትሕትና የሚሰብኩ ስብከቶችም ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ይህንኑ ነው።

ጳውሎስ አደጋውን እንዳላየ ግን አይደለም። ያደረገው ጥንቃቄ ሲደመር ትንሽ አይደለም፦ አናሲሞስ ብቻውን አልተላከም፣ በቈላስይስ መልእክት መሠረት ከጳውሎስ ባልደረባ ከቲኪቆስ ጋር ነው የመጣው፤ በዚያው መልእክት በመላው ማኅበር ፊት «የታመነና የተወደደ ወንድም» ተብሎ ተጠርቷል (ቈላ. 4፥7-9)። ቅድም እንደ ግፊት ያነሣናቸው ነገሮች፣ የማኅበሩ መስማትና የሐዋርያው ጉብኝት፣ ከአናሲሞስ አንጻር ሲታዩ የደኅንነቱ ዋስትናዎች ናቸው። ፊልሞና በጓዳው ብቻውን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ነጻነቱ ይሰፋ ነበር፤ የአናሲሞስ አደጋም አብሮ ይሰፋ ነበር። በሁለት ሰዎች መካከል የአቅም ልዩነት ሲኖር የብርቱውን ይሉኝታ መጠበቅና የደካማውን ሕይወት መጠበቅ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ፤ ጳውሎስም ሲቸግር ያደላው ወደ ሁለተኛው ነው።

ከዚያ በኋላ

መልእክቱ ተጠብቆ መቆየቱ ራሱ ምልክት ነው፤ ያልተቀበለው ሰው ደብዳቤውን በቀደደው ነበር። በ2ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አግናጥዮስ ዘአንጾኪያ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ጳጳሳቸውን አናሲሞስን በፍቅሩ ያመሰግነዋል። ስሙ በባሮች ዘንድ የተለመደ ስለነበር ሰውዬው ያው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ዕድሜው ግን አይከለክልም፣ ይህንን የገመቱ ሊቃውንትም አሉ።

በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን መልእክት ሲተረጕም፣ ስለ ተራ ጉዳይ የተጻፈ ነውና አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች እንደነበሩ ይጠቅሳል፤ እርሱ ግን ሐዋርያው ለአንድ ባሪያ ይህን ያህል መድከሙን ታላቅ ትምህርት አድርጎ ያየዋል። እዚያው ላይ ባሮችን ከጌቶቻቸው ማስኮብለል እንደማይገባም ይናገራል። ይህኛው ንባብ ረጅም ዕድሜ ኖረ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1850 የኮበለሉ ባሮች እንዲመለሱ የሚያስገድድ ሕግ ስታወጣ ጳውሎስ አናሲሞስን መመለሱ ለሕጉ ድጋፍ ተጠቅሷል። ከዚያ በፊት በጆርጂያ ቻርልስ ኮልኮክ ጆንስ የተባለ ሰባኪ በዚህ መልእክት ላይ ተመሥርቶ በባርነት ላሉ ሰዎች መኮብለል ኀጢአት ነው ብሎ ሲሰብክ ከአድማጮቹ ግማሾቹ ተነሥተው ወጡ፤ ከቀሩትም አንዳንዶች እንዲህ ያለ መልእክት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም አሉት። ይህን የጻፈው ራሱ ጆንስ ነው። እነዚያ ሰዎች ማንበብ ተከልክለው የኖሩ ናቸው፤ ግን የተነገራቸው ስብከትና የተጻፈው መልእክት አንድ አለመሆናቸውን በትክክል አውቀዋል፤ ሰባኪው ከመልእክቱ የወሰደው መመለሱን ብቻ ነበርና፣ ቁጥር 16ና 18ን ትቷል።

ጳውሎስ ባርነት ራሱ ይወገድ ብሎ አልጻፈም። ሰው የሰው ንብረት ሊሆን አይችልም የሚለውን ነገር በግልጽ የተናገረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ380 ገደማ መጽሐፈ መክብብን ሲያብራራ፣ በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረ ሰው ዋጋ የሚተምን ማን እንደሆነ እየጠየቀ ባሪያ ገዝቻለሁ የሚለውን ጌታ ወቀሰ። ፊልሞና ለአንድ ቤት የቀረበለት ጥያቄ እዚያ ላይ ለቤት ሁሉ የቀረበ ሆነ፤ በመካከሉ ግን ከ300 ዓመት በላይ አልፏል፣ በእነዚያ ዓመታትም ባሪያ የሚገዙ ክርስቲያኖች ይህንኑ መልእክት በየማኅበራቸው ያነቡ ነበር።